ዋስ የሆንክለት ሰውና የታሸጉት ካርቶኖች

ለምወድህ አባቴ ለመሐሙድ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አባዬ፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚያስቸግርህ ግራ ጉልበትህ በዚህ ጥር እንዴት ሆነልህ? በሰው የላክሁልህን ቅባት ጠዋትና ማታ ትቀባዋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ጉልበቱን ላመመው ጎረቤት ሁሉ አካፍለህ ጨርሰኸዋል? ጆሮህስ ትንሽ ተሻለው? እማዬ እንዴት ናት? ጤና ጣቢያ ሄዳ ግፊቷን ትለካለች? ጨው ቀንሺ ሲሏት እሺ ብላ ዞር ሲሉ የምትጨምረውን ነገር ትታለች? በርበሬው ተለቅሞ፣ ደርቆ ገባ? እንሰቱስ፣ ከብቶቹስ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን ነገር የለም። ሀይሌ ጋርመንት ያለው ሱቅህም እንደቆመ ነው። የድሮ ደንበኞችህ እስከ ዛሬ «አባትህ መቼ ይመጣል?» እያሉ ወንድሜን ሬድዋንን ያደርቁታል፤ እሱም ልብሱን ከሚሸጥበት ጊዜ ያንተን ደህንነት የሚያወራበት ይበልጣል።

ደብዳቤውን ይዞልህ የመጣውን ሰው ስታይ እንደምትደነግጥ አውቃለሁ። ጋሽ ጀማሉዲን ግምጃ ቤቱን ትቶ ለሠርግም ለለቅሶም ከትምህርት ቤቱ ርቆ ማደር የማይሆንለት ሰው ነው፤ ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ዳሎቻ ድረስ ሲመጣ ምን ተፈጠረ ማለትህ አይቀርም። የሞተ ሰው የለም፣ የጠፋ ዕቃም የለም። መጀመሪያ ውኃ ስጡት፣ ይረፍ፣ ይብላ። ከዚያ የወንድሜ የኑረዲን ሚስት ፌኔት ይህን ጮክ ብላ ታንብብልህ፤ እሱም አጠገብህ ቁጭ ብሎ ይስማ። ከኋላው ያማሁት እንዳይመስለው የጻፍኩትን ሁሉ ቀድሜ አንብቤለታለሁ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተቆጥቷል፤ የቱ ቦታ እንደሆነ ስትደርሱበት ፊቱን አይተህ ታውቀዋለህ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትለኝ ይሆናል። የትምህርት ቤቱ የቴክኖሎጂ ተጠሪ ተብዬ በእስክሪብቶ ደብዳቤ ስጽፍ ያዩኝ መምህራን እስኪበቃቸው ስቀውብኛል። ምን ላድርግ? ባለፈው እሑድ ስልኩ ላይ ስጮህ ፎቁ ላይ ያለ ጎረቤት ሁሉ ሲሰማኝ አንተ ብቻ አልሰማኸኝም። ደግሞ አንተ ራስህ ትልቅ ነገር በወረቀት ካልሆነ አይረጋም ስትል ነው ያሳደግከን።

አባዬ፣ በሬድዋን በኩል የላክህብኝ ቃል ደርሶኛል። ዙሌካ ያንን ግምጃ ቤት ካስከፈተች ለጀማሉዲን የገባሁትን ዋስትና አነሳለሁ ማለትህን ሬድዋን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነገረኝ። ቃልህ ከብዶኛል። አልተቆጣሁም ብልህም ውሸት ነው፣ ተቆጥቻለሁ። ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ክንድ ጨርቅ ሲጣላ እንኳ ሁለቱንም ሳትሰማ ፈርደህ አታውቅም፤ በገዛ ልጅህ ላይ ግን ኑረዲን ከስልክ የሰማውን ብቻ ይዘህ ፈረድክ። ጋሽ ጀማሉዲን ለኑረዲን የደወለው ፈርቶ ነው፤ የፈራ ሰው ደግሞ ግማሹን ነው የሚናገረው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ሁሉንም ስማና ከዚያ የምትለውን ትላለህ።

አምና ክረምት ላይ ለትምህርት ቤታችን መምህራን ታብሌቶች መጡ። ታብሌት ማለት ሬድዋን የሚነካካው ዓይነት ስልክ ሆኖ ስፋቱ የቁርአን መቅሪያ ሰሌዳን ያህላል። ውስጡ ለመምህር የሚሆን ብዙ ነገር ተጭኖበታል። ቤተ ሙከራ የሌለን ሰዎች የሳይንስ ሙከራውን በተንቀሳቃሽ ምስል እናይበታለን፤ የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጅበታል፤ የተማሪ መገኘትና ውጤት ይሞላበታል። ካርቶኖቹ ከመኪና ሲወርዱ ርዕሰ መምህራችን ወይዘሮ ገዲሴ እልል ብለዋል፤ ያውም ነጠላቸው ወልቆ። ሁላችንም ተሯሩጠን አወረድን። ጋሽ ጀማሉዲን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ፈርሞ ተረከበ። ከዚያም ቆለፈ።

አቆላለፉን ብታይ አባዬ፣ የአራስ ቤት አስመሰለው። ጎርፍ እንዳያገኛቸው ካርቶኖቹን በብሎኬት ላይ ከፍ አድርጎ ደረደራቸው፤ አቧራ እንዳይገባ በሸራ ሸፈናቸው፤ አይጥ እንዳይደርስ መርዙን በየጥጉ አስቀመጠ። ጠዋት ሲገባ ያሸታል፣ ማታ ሲወጣ መቆለፊያውን ጎተት ጎተት አድርጎ ይሞክራል። አሁን የሚቆጣበት ቦታ ላይ ደርሰናልና ፊቱን እየው፦ ይህ ሰው ያለቀውን የጠመኔ ስባሪ ካላመጣህ አዲስ ጠመኔ አይሰጥህም። ስባሪውን ተቀብሎ በጣሳ ያጠራቅማል። አንድ ጊዜ መምህር ዋቅቶላ፣ ባዮሎጂ የሚያስተምሩት አንጋፋው መምህራችን፣ ስባሪዋ ኪሳቸው ውስጥ ደቅቃ ዱቄት ሆና ኪሳቸውን ገልብጠው አሳይተውት ነው ጠመኔ ያገኙት።

ይህ ጥንቃቄ ከየት እንደመጣ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዓመታት በፊት አንድ ፕሮጀክተር ከግምጃ ቤት ወጥቶ ደብዛው ጠፋ ተብሎ ጋሽ ጀማሉዲን ለምርመራ ስንት ወር ተመላለሰ። ዋሱ አንተ ነበርክና ሱቅህን ዘግተህ አብረኸው ተመላለስክ። ይህ ሰው ሌባ ከሆነ እኔም ሌባ ነኝና አብራችሁ ጻፉኝ ማለትህን እዚህ ያሉ የድሮ ሠራተኞች እስከ ዛሬ ያወሩታል። ኋላ ዕቃው ሳይፈረምበት ለሌላ ትምህርት ቤት በውሰት ተሰጥቶ ተገኘ። ያ ነገር ላንተ አለፈ፤ ለእሱ ግን አላለፈም። ከዚያ ወዲህ ግምጃ ቤቱ በተከፈተ ቁጥር አንተን ዳግመኛ ሰው ፊት የሚያቆምህ ይመስለዋል። ይህን በአፉ ነግሮኛል፤ እኔም አምነዋለሁ።

እኛስ መምህራኑ ምን ስናደርግ ከረምን? የተጠሪነቱን ሥልጠና ወስጄ ስመለስ ያየሁትን ለሌሎቹ ማሠልጠን ነበረብኝ። በምን ላሠልጥናቸው? ዕቃው ተቆልፏል። ስለዚህ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ አንድ ትልቅ ታብሌት ሣልኩ። ቁልፎቹን በየቦታቸው ሣልኩ፣ ስማቸውን ጻፍኩ፤ መምህራኑ በተራ እየወጡ በጣታቸው የጠመኔውን ሥዕል ነኩ። መምህር ዋቅቶላ ጣታቸውን በሱሪያቸው ላይ እየጠረጉ የእኔስ ታብሌት ቻርጅ አያልቅበትም ብለው ሁሉንም አሳቁ። በየጊዜው በቴሌግራም ማስታወቂያ ይመጣል፤ ይህ ተሻሽሏል፣ ይህ ተጨምሯል፣ ይህን አውርዱ፣ እንዲህ አድርጋችሁ አዘምኑ ይላል። ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር እኔ ዳስተሬን አንስቼ የድሮውን ቁልፍ አጠፋለሁ፣ አዲሱን እሥላለሁ። እንዲህ ነው ሰሌዳዬን ሳዘምን የከረምኩት። ያኔ ያስቀን ነበር፤ አሁን ሳስበው ያበግነኛል።

መረጃውን መሙላት ግን ግዴታ ስለሆነ መምህራኑ በገዛ ስልካቸው ይሞላሉ። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ የያዘ አለ፤ ምንም የሌለው ደግሞ ከባልደረባው ይዋሳል። ከሥራ ስንወጣ ላፍቶ ታክሲ መያዣው ጋ ያለች አንዲት ካፌ ገብተን በአንድ አንድ ሻይ ለሰዓታት ዋይፋይዋን እንመጥጣለን። ባለቤቷ ደግ ሰው ሆና እንጂ ሌላ ቢሆን በመጥረጊያ ያስወጣን ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አዲስ መመሪያ ደረሰን። ማንኛውም ታብሌት እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ በርቶ፣ ተዘምኖ፣ በሚጠቀምበት መምህር ስም መመዝገብ አለበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ አልበራም ብሎ ያሳወቀ ትምህርት ቤት አቅራቢው ይለውጥለታል። ካርቶን ውስጥ እንዳለ የተገኘው ግን ተሰብስቦ ለሚጠቀምበት ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ተበላሽቶ የተገኘውም በተረከበው ሰው ላይ ይሆናል። በዚህ መመሪያ አልተከፋሁም። ዕቃ የሚሰጠው ሊሠራበት ነው።

ወደ ጋሽ ጀማሉዲን ሄድኩ። አልሰጥም አለ። ወይዘሮ ገዲሴ ጠሩት፤ በጽሑፍ ይታዘዘኝ አለ። በጽሑፍ አዘዙት። እሺ፣ የሚረከበኝ ሰው ይምጣና ይፈርም አለ። እዚህ ላይ አባዬ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ ብትጭን ግፍ ነው። መምህራኑን ጠራኋቸውና ኑ ፈርሙ ስላቸው አንዱ እንኳ አልመጣም። አንዷ ቤቴ ሕፃናት አሉ ይሰብሩታል አለች፣ አንዱ ታክሲ ላይ ብሰረቅ ማን ያድነኛል አለ፣ ሌላው ባለቤቴን ላማክር ብሎ ሄዶ በዚያው ቀረ። ስለ ታብሌቱ መቆለፍ ዓመቱን ሙሉ ሲያማርር የከረመ ሰው ሁሉ ብዕር ሲያሳዩት እጁን ኪሱ ከተተ። ያን ቀን ከጋሽ ጀማሉዲን ይልቅ በእነሱ ነበር ያረርኩት።

ስለዚህ እኔ ፈረምኩ። ለራሴ አንድ፣ ለመምህር ዋቅቶላም እሳቸው ተስማምተው አንድ አስወጣን። ጋሽ ጀማሉዲን በሁለት እጁ ታቅፎ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። የእኔን ከፈትነው፤ ጨለማ ነው። ኤሌክትሪክ ላይ ሰካነው፤ እስከ ምሳ ጠበቅን፣ እስከ ደወል ጠበቅን፤ ጨለማ ነው። ባትሪ እንዲህ ተዘግቶ ብዙ ጊዜ ከተቀመጠ ይሞታል አባዬ፤ ዝም ብሎ ስለተቀመጠ ብቻ ይሞታል። ሁለተኛው ግን ከብዙ ጥበቃ በኋላ በራ። መምህር ዋቅቶላ መነጽራቸውን አድርገው ሲነካኩ የሰው ልብ ሲመታ የሚያሳይ ምስል ወጣላቸው። ደሙ ሲገባ፣ ሲወጣ፣ በሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህን ልብ እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ እየሣሉ ነው ያስተማሩት። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ከዚያ ቀና ብለው «ጀማሉዲን፣ ይኼ ነገር እስከ ዛሬ እዚህ ነበር?» አሉት። እሱም ቀጥ ብሎ ቆሞ «ነበር መምህር፤ አንድም አልጎደለም» አላቸው።

ያንን መልሱን መቼም አልረሳውም። በኩራት ነበር የተናገረው። ከአፉ ሲወጣ ግን ዓይኑ ያልበራው ታብሌት ላይ አረፈና ነገሩ ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ካርቶኖቹ ውስጥ ስንቱ እንደሞተ ማንም አያውቅም። እሱ ቆጥሮ ቆልፎባቸው የከረሙት ናቸው፤ ተረካቢው እሱ ነው፤ ዋሱ አንተ ነህ። በዚያው ተነሥቶ ሄዶ ግምጃ ቤቱን በድጋሚ ቆለፈና ለኑረዲን ደወለ። ስለሞተው ታብሌት ግን አልነገረውም። ዙሌካ በሩን ልትሰብርብኝ ነው ብቻ አለው። አንተ የሰማኸው ይህንን ነው።

ካንተ ቃሉ ሲደርሰኝ ሁለት ቀን አኮረፍኩ፤ መቼም ኩርፊያዬን ታውቀዋለህ። በሦስተኛው ቀን ለወይዘሮ ገዲሴ ስብሰባ እንዲጠሩልኝ ለመንኳቸውና ሁላችንም መምህራን ማረፊያ ተሰበሰብን። ስለ ሞተው ታብሌት እኔ ላልናገር ለጋሽ ጀማሉዲን ቃል ሰጥቼው ነበርና ስለ መመሪያው ብቻ ተናግሬ ተቀመጥኩ። ተነሥቶ የተናገረው እሱ ራሱ ነው። ማንም አላስገደደውም። ከሌባም፣ ከአይጥም፣ ከጎርፍም ጠበቅኳቸው፤ ቁጭ ብለው ይሞታሉ ብሎ የነገረኝ ሰው ግን የለም አለ። የሞተ ካለ በእኔ ነው፤ መሐሙድን ግን ሰው ፊት አታቁሙብኝ አለ። አባዬ፣ ጠመኔ ሲለምኑት የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዳቸውም አልሳቁም፣ ደግ አደረገው ብሎም ያጉረመረመ የለም። እኔ እንባዬ መጣ። ተጠሪ ነኝ ብዬ አንድ ቀን እንኳ ባትሪ ስለሚባል ነገር ቁጭ አድርጌ ያላስረዳሁት እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ የተነሡት መምህር ዋቅቶላ ናቸው። የአገር ቤቱን ልማድ አመጡልን። ሰው ብቻውን ሲፈርም ነው የሚፈራው፤ እርስ በርስ ዋስ እንሁን አሉ። ታብሌት የሚወስድ መምህር ሁሉ ከጎኑ የሚቀመጠውን ባልደረባ ዋስ ይጠራል፤ ያ ደግሞ የራሱን ይጠራል፤ እንዲህ እያለ ክፍሉን ዞሮ ይገጥማል። የአንዱ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ሁለቱ ተጋግዘው ይወጡታል እንጂ ወደ ጋሽ ጀማሉዲን አይመለስም። ባለፈው ባለቤቴን ላማክር ብሎ የጠፋው መምህር ሳይቀር እጁን አወጣ። ባለቤቱን መቼ እንዳማከራት እንጃ። ቀጥሎ ደግሞ መምህራኑ ለጋሽ ጀማሉዲንም እኛው ዋስ እንሁንለት፣ ጋሼ መሐሙድ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ይረፉ አሉ። ይሄኔ ጋሽ ጀማሉዲን እንደ አንበሳ ተነሣ። መሐሙድን በሰው አልለውጥም አለ። ከገጠር ስመጣ ሱቁ ውስጥ ያሳደረኝ፣ ለዚህ ሥራ ስሜን የጠራልኝ እሱ ነው፤ ክፈት ካለኝ እከፍታለሁ፣ አትክፈት ካለኝ ከሥራው ወጥቼ ቁልፉን አስረክባለሁ፤ ግን ከአፉ መስማት አለብኝ አለ። ለዚህ ነው ዛሬ ፊትህ የተቀመጠው።

እንግዲህ አሁን የእኔን ስማኝ። ዋስትናህን አታንሣ። ብታነሣ ሌላ ዋስ አምጣ ይባላል፤ እሱ ደግሞ አያመጣም፤ ጡረታው ደጅ ላይ ቆሞ ባዶ እጁን ይወጣል። ሰውየውን ከሥራ ያስወጣኸው አንተ ትሆናለህ፣ ይህን እያሰብክ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ አይወስድህም። ዋስትናውን ሳታነሣ ብቻ አትክፈት ብትለውም ያው ነው። ወሩ ያልቃል፤ የሚሠሩት ታብሌቶች ከእጃችን ይሄዳሉ፤ የሞቱት በእሱ ላይ፣ ከእሱም ባንተ ላይ፣ ካንተም በሬድዋን ሱቅ ላይ ይመጣሉ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ይኸው ነው። አሁን ቢከፈት ግን ያልበሩትን ለይተን እናሳውቃለን፣ ይለወጣሉ፤ የበሩትን እናዘምናለን፣ መምህሩ ይዞ ክፍል ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አንተ ዋስ የሆንከው ለሰውየው ታማኝነት ነው፤ ታማኝነቱንም ካርቶኖቹ ይመሰክራሉ፣ አንድም አልጎደለም። በሩ ተዘግቶ እንዲኖር ግን ዋስ አልሆንክም።

በበኩሌ ደግሞ ጠለፋ ዋስህ ሆኛለሁ። ዋሱን የሚዋስ ማለት እንደሆነ ካንተ ነው የተማርኩት። በዚህ ነገር ወደ አንተ የሚመጣ ማንኛውም ዕዳ መጀመሪያ እኔን አልፎ ነው የሚመጣው። ወይዘሮ ገዲሴና መምህር ዋቅቶላ ባሉበት ፈርሜያለሁ፤ ግልባጩ በዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። አንተንና ሱቁን አደጋ ላይ ጥዬ የራሴን ሥራ ላሳምር የምሮጥ ልጅ አድርገህ እንዳታስበኝ።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልንገርህ፣ ኋላ ሳትነግሪኝ እንዳትል። እስከ ዛሬ ቃልህን ረግጬ አላውቅም፣ በዚህም አልረግጥም፤ አንተ እንቢ ካልክ በሩን በጉልበት አላስከፍትም። ነገር ግን ዝም አልልም። ሰኞ ጠዋት ያልበራ ታብሌት እንዳለና ሌሎቹም አደጋ ላይ እንዳሉ በእጄ ጽፌ፣ በስሜ ፈርሜ ለበላይ አካል አሳውቃለሁ። ጋሽ ጀማሉዲንን እወደዋለሁ፤ ያም ሆኖ እሱን ለማስደሰት ብዬ ሲበላሽ እያየሁ አልቀመጥም። ሰሌዳ ላይ የተሣለ ታብሌት ማስነካት በቅቶኛል። መምህር ዋቅቶላ ጡረታ ሳይወጡ ያንን ልብ ለተማሪዎቻቸው ማሳየት አለባቸው። ይህን ግትርነት ከየት አመጣሽው ካልከኝ እማዬን ጠይቃት፤ ከማን እንደወረስኩት አንተን እያየች ትነግርሃለች።

ለእማዬ ሁለት ጉንጯን ስመህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ረመዳን ሳይገባ ለጥቂት ቀናትም ቢሆን መጥቼ አያችኋለሁ በላት፤ ያን ጊዜ ጨዋታውንም ጨውንም እናያለን። ለኑረዲን ሰላም በለው፤ ስልክ ሲቀበል ግማሹን ሳይሆን ሙሉውን ጠይቆ ይስማ፤ ብዙ ግን አልተቀየምኩትም። ድምጿን ከፍ አድርጋ ይህን ሁሉ ላነበበችልህ ለፌኔት ልዩ ሰላምታና ምስጋና ይድረሳት፤ ጉሮሮዋን ታጥብ ዘንድ ማር ልኬላታለሁ። ልጆቿን አንድ በአንድ ሳሙልኝ። ሬድዋን ሰላም ብሎሃል፤ በነገሩ ከማን ጋር እንደቆመ ስጠይቀው ከሁለታችሁም ጋር ነኝ ብሏል፤ ነጋዴ አድርገህ ነው ያሳደግከው። ለጎረቤቶቻችን፣ ለመስጊዱ ሽማግሌዎች፣ እንዴት ነች ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ዱዓችሁ አይለየን።

አባዬ፣ ጋሽ ጀማሉዲን ቁልፉን ለማንም አልሰጠም፤ ይዞት መጥቷል፣ አሁን አንተ ፊት ነው። እሑድ አሳፍረው። ሰኞ ጠዋት ደወሉ ሳይደወል ሁላችንም መምህራን ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆመን እንጠብቀዋለን።

ልጅህ ዙሌካ መሐሙድ
ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
ዓርብ፣ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.